ማህፀኔ «ለሁለት የተከፈለ» ነው ተብያለሁ፤ ቀዶ ሕክምናውን ልቀበል ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ጊዜ ፅንሱ ጨንግፎብኛል፤ የመጀመሪያው በ9ኛው፣ ሁለተኛው በ17ኛው ሳምንት ነበር። ከሁለቱም በኋላ ማህፀኔ ተጠርጓል። ቆይቶም በተነሣሁት የማህፀን ራጅ ማህፀኔ ለሁለት የተከፈለ መሆኑ ተነገረኝ። አንደኛው ሐኪም በመካከል ያለው ግድግዳ በአስቸኳይ መቆረጥ አለበት አሉኝ፤ ሌላኛው ደግሞ ምንም ሳልነካ ደግሜ እንድሞክር መከሩኝ። ባለቤቴ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አይተነፍስም። አማቴ «ከባድ ዕቃ እያነሣሽ ነው» ይሉኛል። እኔም ልጆቼን የገደላቸው የራሴ ገላ ነው እያልኩ ሌሊቱን ሳልተኛ አድራለሁ። ምን ባደርግ ይሻለኛል? እስክወስን ድረስስ ማርገዝ እችላለሁ?

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ልጅ አጥተዋል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ሐዘንዎም የልጅ ሐዘን ነው። ደብዳቤዎን ሳነበው ያገኘሁት ከየአቅጣጫው ውሳኔ እየተጠየቀ ለማዘን እንኳ ጊዜ ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ዛሬም ሆነ በዚህ ወር የግድ መወሰን ያለብዎት ነገር የለም። በማህፀን ውስጥ ያለ ግድግዳ ከተወለዱ ጀምሮ አብሮዎት የኖረ ነው፤ እየገፋ አያድግም፣ ወደ ካንሰር አይለወጥም፣ ጥቂት ወራት በመቆየቱም ሕክምናው የባሰ አይከብድም። በእርስዎ ዕድሜ ለማጣራት የሚያልፉ ሁለትና ሦስት ወራት የመውለድ ዕድልን የሚያጠብቡ አይደሉም። እኔ በደብዳቤዎ ውስጥ የሚያስቸኩል ነገር አላየሁም።

ሁለቱ ሐኪሞች የተቃረኑ ቢመስሉም፣ እያንዳንዳቸው በአእምሯቸው የያዙት ማህፀን የተለያየ ሊሆን ይችላል። ሴት ልጅ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች የራሷ ማህፀን የሚሠራው ከግራና ከቀኝ ከሚመጡ ሁለት ቱቦዎች ነው። ቱቦዎቹ ከ10ኛው እስከ 12ኛው የፅንስ ሳምንት ባለው ጊዜ ገደማ ይጋጠማሉ፤ ከዚያም በመካከላቸው የቀረው ግድግዳ እስከ 20ኛው ሳምንት አካባቢ እየሟሸሸ ይጠፋል። ሁለት ተጎራባች ክፍሎች የጋራ ግድግዳቸው ፈርሶ አንድ ሰፊ ክፍል እንደሚሆኑ ማለት ነው። ግድግዳው ሳይፈርስ ሲቀር ማህፀኑ ከውጭ ሲታይ ደህና ሆኖ ውስጡ ይከፈላል፤ ሐኪሞች ሴፕቴት የሚሉት ይህንን ነው። ቱቦዎቹ ራሳቸው እስከ ላይ ሳይጋጠሙ ሲቀሩ ግን የማህፀኑ አናት ከውጭም ጭምር ይሰረጉዳል፤ ይህኛው ባለ ሁለት ቀንድ ማህፀን ይባላል።

ይህን ያነሣሁት እርስዎ የተነሡት ራጅ ሁለቱን መለየት ስለማይችል ነው። በራጁ ጊዜ የሚገባው ቀለም የማህፀኑን የውስጥ ክፍተት ብቻ ይሞላል፤ ፊልሙ ላይ የሚታየውም ሁለት ጆሮ ያለው ጥላ ነው። ከጥላው ውጭ ያለው የማህፀን ጡንቻ ሙሉ ይሁን የተሰረጎደ ፊልሙ አያሳይም። ልዩነቱ ግን የሕክምናው መሠረት ነው፤ ባለ ግድግዳ ማህፀን ሲሆን የሚቆረጠው መካከል ላይ የቀረው ትርፍ ሥጋ ነው፤ ባለ ሁለት ቀንድ ማህፀን ላይ ግን በስህተት ተመሳሳይ ነገር ቢደረግ መሣሪያው የማህፀኑን የጡንቻ ግድግዳ በስቶ ወደ ሆድ ዕቃ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በራጅ ብቻ ተመርኩዞ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ መያዝ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሊጠይቁ የሚገባው ባለ ሦስት ገጽታ አልትራሳውንድ ነው። ይህ ምርመራ የማህፀኑን ውስጥና ውጭ በአንድ ምስል ያሳያል፤ የሚመረጥለትም ጊዜ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ የማህፀኑ ሽፋን ወፍሮ ጎልቶ በሚታይበት ወቅት ነው። እርሱ ካልተገኘ ወይም አጠራጣሪ ከሆነ ኤምአርአይ ይተካዋል።

ምስሉ ሲወጣም «ግድግዳ አለ ወይስ የለም» ብቻ ብለው አይመለሱ፤ ርዝመቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይጠይቁ። በዚህ ላይ የሕክምና ማኅበራት መለኪያ አንድ አይደለም። የአውሮፓ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ድልድል ወደ ውስጥ የገባው ክፍል ከማህፀኑ የጡንቻ ግድግዳ ውፍረት ከግማሽ በላይ ከሆነ ባለ ግድግዳ ይለዋል፤ የአሜሪካው የተዋልዶ ሕክምና ማኅበር በ2016 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀትና ሹል ማዕዘን እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር፤ በ2021 ጥልቀቱን ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎታል። በዚህም ምክንያት አንዲት ሴት በአንዱ መለኪያ ጤነኛ፣ በሌላው ታማሚ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ሊቆረጥ የታሰበው የአንድ ሴንቲ ሜትር ስርጉድ ይሁን እስከ ማህፀን በር የወረደ ግድግዳ ማወቅ መብትዎ ነው። በነገራችን ላይ፣ ማህፀንና ኩላሊት በፅንስ ዕድሜ ተቀራርበው ስለሚሠሩ የማህፀን ቅርጽ ልዩነት ካላቸው ሴቶች አንዳንዶቹ አንድ ኩላሊት ብቻ ወይም ቦታውን የሳተ ኩላሊት ይኖራቸዋል፤ በዚያው አልትራሳውንድ ኩላሊትዎም እንዲታይ ያሳስቡ።

ማህፀንዎ ባለ ሁለት ቀንድ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ አጭር ነው። ቀድሞ ሆድ ተከፍቶ ሁለቱን ቀንዶች የማጋጠም ቀዶ ሕክምና ይሠራ ነበር፤ ዛሬ የአውሮፓ መመሪያ ይህንን አይመክርም፤ ክትትሉን አጥብቆ ማርገዝ ይሻላል። ብዙ ሴቶች በዚህ ማህፀን ልጅ ይወልዳሉ፤ ከወትሮው ከፍ ያለው ሥጋት ያለ ቀኑ መውለድና ልጁ በመቀመጫው መምጣቱ ነው።

ባለ ግድግዳ ከሆነ ግን ነገሩ እንደዚህ አያጥርም፤ ሁለቱ ሐኪሞች የተለያዩትም ምናልባት እዚህ ላይ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ግድግዳውን መቁረጥ ምንም ክርክር የሌለበት ሕክምና ሆኖ ኖሯል። ይህ እምነት የቆመው ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የነበረውን ውጤት በሚያወዳድሩ ጥናቶች ላይ ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብዙ እርግዝናዎች ጨንግፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ብዙዎች ተወልደዋል፣ ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ረድቷል የሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ግን ጎዶሎ ነው። ወደ ጥናቱ የገቡት ሴቶች የተመረጡት ፅንስ ስለጨነገፈባቸው ነበር፤ እንዲህ ካሉ ሴቶች መካከል ምንም ሳይደረግላቸው በሚቀጥለው እርግዝና የሚወልዱት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከተቆረጠላቸው ጋር መወዳደር ያለባቸው ያልተቆረጠላቸው ሴቶች ናቸው።

ያንን ያደረገው በዕጣ የተደለደለ ጥናት ውጤቱ የታተመው በ2021 ነው። ከኔዘርላንድስ ተመርቶ በተለያዩ አገሮች የተካሄደ ሲሆን 80 ሴቶችን ለማግኘት ከ2010 እስከ 2018 ፈጅቷል። ግድግዳው ከተቆረጠላቸው ሴቶች 31 በመቶ፣ ካልተቆረጠላቸው ደግሞ 35 በመቶ በሕይወት ያለ ልጅ አግኝተዋል። መቁረጡ የበለጠ እንደሚጠቅም አልታየም ማለት ነው። ይህ ማለት ግን «ቀዶ ሕክምናው ከንቱ ነው» ማለት አይደለም፤ 80 ሴት ትንሽ ቁጥር ነው፣ ከእነርሱም ውስጥ እንደ እርስዎ በተደጋጋሚ የጨነገፈባቸው ብቻ ሳይሆኑ ማርገዝ የዘገየባቸውም ነበሩበት። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓው መመሪያ የቀዶ ሕክምናው ጥቅም በጥናት ውስጥ ሆኖ እንዲመዘን ሲያሳስብ፣ የአሜሪካው በር ሳይዘጋ ውሳኔውን ለሐኪሙና ለታካሚዋ የጋራ ምክክር ይተወዋል። ሁለቱ ሐኪሞችዎ የሚመሩበት መሠረት አላቸው፤ ግን የትኛቸውም «እርግጠኛ ነኝ» የሚያሰኝ ማስረጃ በእጃቸው የለም።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ እንደ ስሙ የሚያስፈራ አይደለም። ሂስትሮስኮፒ በሚባል ቀጭን ካሜራ በማህፀን በር በኩል ተገብቶ ግድግዳው በመቀስ ወይም በኤሌክትሪክ ይቆረጣል፤ ሆድ አይከፈትም፤ አብዛኛዎቹ ሴቶች በዚያው ዕለት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ጥቂት በማይባሉ ሰዎች ዘንድ ግን «ቀላል» መሆኑ ጉዳት እንደሌለው ተደርጎ ይነገራል። መድማት፣ የማህፀን መበሳትና ማህፀኑን ለመንፋት የሚገባው ፈሳሽ ከመጠን በላይ ወደ ደም መግባቱ ያጋጥማል፤ የቁስሉ ጠርዞች ተጣብቀው ጠባሳ ሊሠሩም ይችላሉ፤ ጠባሳው ደግሞ በተራው እርግዝናን ያውካል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙ ሐኪሞች ሁለት ወር ያህል ጠብቀው እንዲሞክሩ ያዛሉ። ከመፈረምዎ በፊት ሐኪሙን በቀጥታ «እርስዎ ይህን ሥራ በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ? ከሠሩት በኋላስ ማህፀኑን መልሰው ያዩታል?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም አይቀየምበትም።

አስተያየቴን ከጠየቁኝ፣ በባለ ሦስት ገጽታ አልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ተረጋግጦ ግድግዳው ረጅም ከሆነ፣ ሌሎች ምክንያቶችም ተመርምረው ካልተገኙ፣ ሥራውን የሚያዘወትር ሐኪም ካገኙም መቀበልዎን ምክንያታዊ ውሳኔ እለዋለሁ። ግድግዳው አጭር ከሆነ አልቸኩልም፤ ሳይነካ ደግሞ መሞከርን እመርጣለሁ። ከሁለቱ አንዱን መርጠው ውጤቱ ባይሳካ «ያኛውን ባደርግ ኖሮ» የሚል ጸጸት እንዳይከተልዎት፣ ዛሬ ያለው ዕውቀት ለሁለቱም ቦታ እንደሚሰጥ አስቀድመው ይያዙልኝ።

«ሌሎች ምክንያቶች» ያልኩት በተለይ በእርስዎ ጉዳይ ከግድግዳው እኩል የሚያሳስበኝ ስለሆነ ነው። ሁለቱ እርግዝናዎች የተቋረጡበት ጊዜ በጣም ይራራቃል፤ ስለዚህ ምክንያታቸው አንድ ነው ብሎ መነሣት አይገባም። ከታወቁ እርግዝናዎች 15 በመቶ ያህሉ ይጨነግፋሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨነግፉት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው ፅንሱ ሲጀመር የተፈጠረ የክሮሞዞም ስህተት ነው። የ9ኛው ሳምንት የእርስዎ ኀዘን ከማህፀንዎ ቅርጽ ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል። የ17ኛው ሳምንት ግን የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። መጀመሪያ የመጣው ምጥ ነበር? ወይስ ያለ ሕመም ውሃዎ ፈሰሰ ወይም የማህፀን በር ተከፈተ? ወይስ ፅንሱ ቀድሞ ሕይወቱ አልፎ ነበር? ያለ ሕመም የተከፈተ ከሆነ የማህፀን በር ድካም (በሩ እርግዝናውን መያዝ አቅቶት ያለ ጊዜው መከፈቱ) ይጠረጠራል፤ ይህም የማህፀን ቅርጽ ልዩነት ባላቸው ሴቶች ዘንድ በርከት ብሎ ይታያል። ግድግዳው ቢቆረጥም ይህ ችግር አይነካም፤ በሚቀጥለው እርግዝና ከ16ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት የማህፀን በር ርዝመት በውስጥ አልትራሳውንድ እየተለካ፣ ከ25 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በሩን በክር ማሰር ወይም እርግዝናን የሚያጸናውን ፕሮጀስትሮን የተባለ ሆርሞን መስጠት የሚታሰበው ለዚህ ነው። የዚያን ቀን የሆነውን በቅደም ተከተል፣ ትዝ እስካለዎት ድረስ፣ በወረቀት ይጻፉትና ለሐኪምዎ ይስጡ። ደግሞ መጻፉ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ባለቤትዎ አብሮዎት ከነበረ እርሱ ቢጽፈው ይቀልዎት ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ሊመረመሩ የሚገባዎት በደም ውስጥ የሚገኙ የአንቲፎስፎሊፒድ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። እነዚህ የእንግዴ ልጁን የደም ዝውውር ያውካሉ፤ ከተገኙ ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግመው ይረጋገጣሉ፤ ሕክምናቸውም ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት አስፒሪንና ሄፓሪን ናቸው። ከማህፀን ግድግዳ ይልቅ በመድኃኒት የሚታከም ምክንያት ካለ አስቀድሞ መገኘቱ ይበልጣል። የታይሮይድና የስኳር ምርመራ ቀላል ነው። ማህፀንዎ ሁለት ጊዜ ስለተጠረገ በራጁ ላይ የታየው የመጥረጉ ጠባሳ ያለመሆኑም ይጣራ። የደም ዓይነትዎ አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ከጨነገፈ በኋላ ሰውነትዎ የሚቀጥለውን ፅንስ ደም እንዳያጠቃ የሚከላከለው መርፌ ተሰጥቶዎት እንደሆነ ካርድዎን ይመልከቱ።

አሁን ወደ ሌሊቱ ጥያቄዎ ልምጣ። ግድግዳው ካለ፣ ያለው እርስዎ ከመወለድዎ በፊት ጀምሮ ነው፤ ባደረጉት ነገር አልመጣም፣ ባለማድረግዎም አልቀረም። በቤት ውስጥ የተነሣ ዕቃ ደህና የያዘ እርግዝናን አያስጨነግፍም፤ አማትዎ ይህን የሚሉት ምናልባት የእሳቸውን ሐዘን የሚያሳርፉበት ምክንያት ስላጡ ይሆናል፤ ሆኖም እርስዎ ያንን የመሸከም ግዴታ የለብዎትም። ክርክር ውስጥ መግባት ሳያስፈልግዎ ባለቤትዎ «ሐኪሞች ከዕቃ ማንሣት ጋር አይገናኝም ብለውናል፤ ከእንግዲህ ይህ ነገር ባይነሣ» ብሎ ቢነግራቸው ይበቃል። ይህን ቃል ከእርስዎ አፍ ሳይሆን ከልጃቸው አፍ መስማታቸው ነገሩን ይዘጋዋል።

የባለቤትዎን ዝምታ ግን ቸልታ ነው ብለው አይደምድሙ። ብዙ ወንዶች ሚስታቸው ፊት ማዘን የእርሷን ሐዘን የሚጨምርባት ስለሚመስላቸው አፋቸውን ይዘጋሉ፤ ሚስት ደግሞ ዝምታውን «ረሳው» ብላ ትተረጉመዋለች። «ለምን አትናገርም?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «እኔ በዚያን ቀን እንዲህ ሆኜ ነበር፤ አንተስ?» ብለው ቢጀምሩ የተሻለ መልስ ያገኛሉ። ወደ ቀጠሮም ይዘውት ይሂዱ፤ ከሐኪሙ ሲሰማ የሚጠይቀው አያጣም።

ስለ እንቅልፍዎ ደግሞ አጥብቄ እላለሁ። በለንደን ሆስፒታሎች በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ፅንስ ያጡ ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2020 በታተመ ጥናት፣ ከአንድ ወር በኋላ 29 በመቶ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላም 18 በመቶ የሚሆኑት ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል። ዕለቱ እየደጋገመ ዓይንዎ ላይ የሚመጣ፣ እርጉዝ ሴት ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ፣ እንቅልፍም ለሳምንታት የራቀዎት ከሆነ ይህ የድክመት ምልክት አይደለም፤ የሚታከም ነገር ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም ማየት ይገባዎታል። ራስዎን ስለመጉዳት የሚያስቡ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ይንገሩና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ እስክወስን ማርገዝ እችላለሁ ወይ የሚል ነበር። ቢያረግዙ ለሕይወትዎ የተለየ አደጋ አለው ብዬ አላስፈራራዎትም፤ ስድስት ወር መጠበቅ ግድ ነው የሚለው የቀድሞ ምክርም በኋላ በወጡ ጥናቶች ድጋፍ አላገኘም። ነገር ግን ማህፀን ውስጥ የሚገባ ካሜራም ሆነ ቀዶ ሕክምና በእርግዝና ጊዜ አይደረግም፤ ስለዚህ ምስሉና የደሙ ውጤት እስኪወጣ ድረስ መከላከያ ቢጠቀሙ እመርጣለሁ። እስከዚያው በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ ይጀምሩ። ሳያስቡት ቢያረግዙ ግን አይደንግጡ፤ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ይነሡና ፅንሱ በማህፀኑ የትኛው ክፍል እንደተቀመጠ ይታይ፤ ለክትትል የሚሄዱበት ሐኪምም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የ17ኛውን ሳምንት ታሪክ ይወቅ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ትኩሳት ወይም በአንድ ጎን የበረታ የሆድ ሕመም ከመጣ፣ ወይም ራስዎን ከሳቱ ግን የቀጠሮ ቀን ሳይቆጥሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።